የሆድ ሕመም የጠፋበት ወር

ነርሱ ይበልጣል እንደ ወትሮው በጠዋት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ከፈተ፤ አልጋዎቹን በበረኪና ወለወለና ቁጭ አለ። ማንም አልመጣም። ኮሮና ሳይገባ በፊት በዚህ ሰዓት ኮሪደሩ ሆዱን ይዞ በሚያቃስት፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በቃሬዛ በሚገባ ሰው ይጨናነቅ ነበር። አሁን ከባዶዎቹ አግዳሚዎች የሚነሳው የበረኪና ሽታ አፍንጫውን ይሰረስረዋል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ትርፍ አንጀት ተሰደደ እንዴ ከዚህ አገር?» ሲሉ ቀለዱ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ምናሴ። ይበልጣልም ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ በመስኮት ሲያይ አንድ ሽማግሌ ቀኝ ጎናቸውን ጨምቀው፣ የሆስፒታሉን አጥር ተደግፈው እጥፍ ብለዋል።

«አባቴ፣ ይግቡ እንጂ!»

ሽማግሌው ደንግጠው ቀና አሉ። ላብ ባጠመቀው ፊታቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እያለፍኩ ነው።»

ሆስፒታል የገባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ለቀስተኛ ሳያጅበው ይቀበራል እየተባለ ከተማው ውስጥ እንደሚወራ ይበልጣል ያውቃል። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ለመራመድ እየታገሉ ጥጉን ሲታጠፉ አንድ ነገር ገባው፤ ሕመሙ አልጠፋም፣ በየቤቱ ገብቶ በር ዘግቷል።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ከየአጥሩ ሥር የፌጦና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይከተለው ነበር። ከአንዱ ቆርቆሮ በር ጀርባ ዝቅ ያለ፣ ጥርስ ነክሰው የሚያፍኑት ዓይነት ሲቃ ሰማ፤ እርምጃው ሲቀርብ ሲቃው ቀጥ አለ፤ ሲያልፍ ደግሞ ቀጠለ። እርምጃውን አፈጠነ።

ሚስቱን ትርሲትን ኮሮና እንዳያስይዛት ፈርቶ፣ እሱ የሚያድረው ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። እሷ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጣ ትሸሽና ከሩቅ «አንተ ኮሮና፣ እራትህ!» እያለች ታበሽቀዋለች። ሰሞኑን ግን ብሽሽቁ ቀርቷል። እግሯ አሸዋው ላይ ሲጎተት ይሰማዋል፤ ትናንትማ ወጡ ከሳህኑ እየፈሰሰ መንገዱን ሁሉ አቅልሞት ነበር። ዛሬ ሳህኑም የለም። ከትልቁ ቤት ግን ያ በመንገድ የሰማው ዓይነት ሲቃ ይሰማል።

«ትርሲት! ምን ሆነሻል?»

«ብርድ መቶኝ ነው።»

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

በተቆራረጠ ትንፋሽ «ብነግርህ ትወስደኛለህ» አለችው።

«እወስድሻለሁ እንጂ! ቀኝ ጎንሽን ነው አይደል? ከመቼ ጀምሮ?»

«ሂድ በቃ። እናቴ ሳታለቅስልኝ አልቀበርም።»

ይበልጣል ርቀቱንም ጥንቃቄውንም ረስቶ ግቢውን በሩጫ ተሻገረ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በትከሻው እየገፋ «ክፈቺ፣ አሁኑኑ ከደረስን ትድኛለሽ!» ሲል፣ ሲቃው ድንገት ተቋረጠ። ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጠፈ። ዕድሜውን ሙሉ የበሽተኛ ጩኸት ጋብ እንዲል ሲመኝ የኖረ ሰው፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንድታቃስት ፈጣሪውን ለመነ፤ ለቀናት የቆየ እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ጊዜ የሚበርደው ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ መሆኑን ያውቃልና።

መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። ትርሲት ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል። እጁን ያዘችና ራሷ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።

«ለቀቀኝ እኮ! እግዚአብሔር ይመስገን በል እንጂ» አለችው፤ ከመዳፉ ሥር ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር።