ሠላሳኛው ማረሻ

ቅዳሜ ጠዋት ገቢሳ አህያውን እየነዳ ጅባት ጫካ ሲገባ ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ወዲያው ጭቃ ሆነ፤ በልጅነቱ ተሰብሮ ሳይቃና የቀረው ቀኝ እግሩ በየእርምጃው ይሰምጣል።

አህያው የተሸከመው ሙሉ ኑሮውን ነው፦ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ፣ ወናፉን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ከሰልና በእጁ የቀጠቀጣቸውን ሠላሳ ማረሻዎች። የሸነን ከተማ ሽማግሌዎች «ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሠላሳ ማረሻ ካደረስክ ገበያው አጠገብ ሃያ እርምጃ የቤት ቦታ እንሰጥሃለን፤ ካልሆነ ለነጋዴው ለዱጋሳ ሱቅ ይሆናል» ብለውታል። ማረሻውን ይፈልጉታል፤ ቀጥቃጩን ግን «ቡዳ ነው» ብለው ደጃቸው ላይ አያስቆሙትም።

አውቶቡስ አጥታ አብራው የምትጓዘው የታሪክ መምህርት ሮዳስ ከኋላው ትጮሃለች።

«ኦቦ ገቢሳ! ግሪኮች እኮ እንደርስዎ ያለ አምላክ ነበራቸው። ሄፌስተስ የሚባል አንካሳ አንጥረኛ!»

«አምላክ ከሆነ እግሩን አያድንም ነበር?»

«አንካሳ ነው ብላ ከሰማይ የወረወረችው እናቱ ናት አሉ። የአማልክቱን መሣሪያ የሠራው ግን እሱ ነው።»

«አብረውት ይበሉ ነበር?»

ሮዳስ አመነታች። «ይበሉ ነበር። ሲያነክስ እያዩም ይስቁበት ነበር።»

«በይ ተይኝ! አማልክትሽም የሸነን ሰዎች ናቸው!»

አህያው ድንገት ደርቆ ቆመ። ከአንድ ዝግባ ሥር ነብር ብድግ አለ። ገቢሳ መፍራቱን ረስቶ ተናደደ።

«አንተ ደግሞ ከየት መጣህ? ዛሬ ጊዜ የለኝም!»

ማረሻ ከማረሻ እያጋጨ ወደ ነብሩ ገሰገሰ። የብረቱ ጩኸት ጫካውን ሰነጠቀው፤ ነብሩ ጆሮውን አጥፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወንዝ ደረሱ። ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በግንድ ድልድዩ መሃል ደግሞ የዱጋሳ ፒካፕ ተገትሯል፤ ጎማውን የሚይዘው የባሌስትራ ፒን ተቆርጦ ጎማው ተጣሟል። አህያ አያሳልፍም።

«አንተ ቱምቱ፣ አንተ ቀጥቃጭ፣ ቶሎ ሥራልኝ!» አለ ዱጋሳ።

«ወናፍ የሚነፋው ሥራ ያመጣው ሰው ነው። ቁጭ በል።»

«እኔ? ያንተን ወናፍ?»

«እንግዲያው እዚሁ እደር።»

ዱጋሳ ግራ ቀኙን አየ፤ ከመምህርቷ በቀር ሰው የለም። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ነፋ። ሮዳስ ላስቲኩን ከእሳቱ በላይ ዘርግታ ያዘች። ሌላ ብረት ስላልነበረ ገቢሳ አንዱን ማረሻ እሳቱ ውስጥ ከተተ፤ አግሎ፣ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ ፒን አወጣለት። መኪናው ድልድዩን እንደተሻገረ ዱጋሳ ዞር ብሎ ሳያይ ፈተለከ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሸነን ገቡ። ዱጋሳ ከሽማግሌው ከኦቦ ኩምሳ ጎን ተደላድሎ ተቀምጧል። ኩምሳ ማረሻዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ሃያ ዘጠኝ። አንድ ጎደለ። ቃል ቃል ነው።»

ገቢሳ እስከ ዛሬ ሽማግሌ ፊት ቀና ብሎ ተናግሮ አያውቅም። አሁን ግን ጉጠቱን መዝዞ ወደ ፒካፑ አነከሰ።

«ሠላሳኛው እዚህ ነው። ነቅዬ ላምጣላችሁ!» ብሎ ጎማው ሥር ገባ።

ዱጋሳ ዘሎ ተነሣ። «ተው! ሠላሳ ነው! ሲሠራው ወናፉን የነፋሁት እኔ ራሴ ነኝ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ዱጋሳ መግቢያ አጣ። ኩምሳ ሳቃቸውን እየዋጡ ገበያው አጠገብ ሄደው የቤት ቦታውን ችካል አስተከሉ።

ገቢሳ አላመሰገነም። እግሩን ለመደበቅ ሳይሞክር፣ ሰው ሁሉ እያየው ከችካል እስከ ችካል እያነከሰ ለካ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

«ያንተ እርምጃ ያነክሳል እኮ!» አሉ ኩምሳ።

«አዎ፣ አጭር ነው! ሙሉ እግር ያለው ቢለካው ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ያንሱት ችካሉን!»

 ኦቦ ኩምሳ ጎንበስ ብለው ችካሉን ነቀሉና ቦታውን እያሰፉ ወደ ገበያው ወሰዱት፤ ገቢሳ «በቃ» እስኪላቸው ድረስ።