ሲወጉ ነው ወይስ ሲነቅሉ?

ምልክትማ ሞልቶ ነበር። የእንዛራ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ማንም ሳይመታው ሦስት ጊዜ አስተጋባ፤ ክንፋም ነብሮችም በጠራራ ፀሐይ አደባባዩን ሲዞሩት ዋሉ። ሰዉ ግን ሰልፍ ሊያይ ወጥቶ ማን ልብ ይበል? በዚያው ቀን ንጉሥ ዋርዴ በሕዝባቸው መካከል በጦር ተወግተው ወደቁ።

ሰባት ምስክሮች በንጉሡ መታጠቂያ ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ። አንዷ ወጣቷ ጋሻ ጃግሬ አዜቢት ነበረች። «ራስ ደንጎር ሲወጉ በዐይኔ አይቻለሁ» አለች። ራስ ደንጎር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት የጦር አዛዥ ናቸው። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በአሥራ አምስተኛው ቀን እንዲሰቀሉ ተፈረደባቸው።

አዜቢት ግን ነገሩን በተናገረችው ቁጥር እየደመቀ መጣባት። በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ቀይ ዘርፍ በሦስተኛው ቀን በጦሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ያን ጊዜ ክፉኛ ፈራች።

ጆሮ የጨመረውን አጥቦ ዐይን ያየውን ብቻ ወደሚያሳየው ወደ ሲርባ ሐይቅ ገሰገሰች። ወዳጇ ግዙፉ ጎርፌ በእሳታማው ሸለቆ ክንፋሞቹን ነብሮች በባዶ እጁ እየመከተ አሻገራት። በሐይቁ ዳር የተጠመጠመው ዘንዶ ቀና አለ።

«ዋጋው አንድ ዐይንሽ ነው።»

«ውሰድ» አለችው።

በውኃው ውስጥ የገዛ እጇን አየች፤ በዚያ ሰልፍ ላይ የጋሻዋን ጠፍር እያጠበቀች ነበር። ከዚያ ዞረች። ንጉሡ ወድቀዋል። ራስ ደንጎር ተንበርክከው ጦሩን በሁለት እጃቸው ይነቅላሉ። ወጊው የትም የለም።

አዜቢትና ጎርፌ መሰቀያው ሥር የደረሱት ገመዱ ሲዘጋጅ ነው። አዜቢት አንድ ዐይኗን በጨርቅ እንዳሰረች በምስክሮቹ ፊት ቆመች።

«የማልኩት ያላየሁትን ነው! ስዞር ንጉሡ ወድቀው ነበር። ራስ ጦሩን ሲነቅሉ እንጂ ሲወጉ አላየሁም። እናንተስ?»

ስድስቱ ምስክሮች ተያዩ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡ። «እኔም የዞርኩት ‹ራስ ገደሏቸው› ሲባል ሰምቼ ነው» አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ አመኑ። ገዳዩ ገና አልታወቀም፤ ፍለጋው ግን ያን ዕለት ተጀመረ፣ የራስ ደንጎር ሰንሰለትም ተፈታ።

አዜቢት እፎይ ብላ በራስ ደንጎር ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው የታሰረ ዐይኗን በቀስታ ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ዝም ያልኩት ለምን መሰለሽ? አንቺ አየሁ ስትዪ፣ ‹ገድያቸው ይሆን እንዴ?› ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።»