ነርሷ ተኝታለች፤ ዝም!

በሩን በእጇ አይደለም የደበደበችው፤ በነጠላ ጫማዋ ነው። አንዱን እግሯ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን እንደ መዶሻ ይዛ።

«ክፈት! ቤት ውስጥ እንዳለህ አውቃለሁ!»

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሕፃናት ክፍል ከአልጋ ወደ አልጋ ስትመላለስ ያደረች ነርስ ናት። ቤቷ ገብታ አንሶላውን ገና ከመሳቧ ግድግዳው ማጉረምረም ጀመረ። ዝዝዝ... አዲሱ ጎረቤት ከገባ ይኸው ስድስተኛ ቀኑ። ስድስት ቀን ያልተኛ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? እስቲ እናንተው ፍረዱ!

በሩ ተከፈተ። ጠጉሩ ያልተበጠረ ረጅም ሰው ብሎን መፍቻ በጥርሱ ነክሶ ቆሟል። ጫማውን አየ፤ እሷን አየ፤ መፍቻውን ከአፉ አወጣ።

«አቤት እህቴ?»

«ምን አቤት ትለኛለህ! ምንድነው ይሄ የሚጮኸው? ወፍጮ ቤት ነው የከፈትከው?»

«ኮምፒውተሮች ናቸው... የማራገቢያቸው ድምፅ ነው። ይቅርታ፣ ቀን የሚተኛ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሌሊት ሲሠራ የሚያድር ሰው ይኖራል ብለህም አላሰብክማ!»

ወደ ውስጥ አጮለቀች። አምስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ያውም የእሷን ግድግዳ! ስክሪናቸው ጥቁር ነው። ነጭ ጽሑፍ ብቻ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። ሥዕል የለ፣ ምልክት የለ።

«ምን ይሠሩልሃል?»

«ሒሳብ ያሰላሉ።»

«የማንን ሒሳብ?»

ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ። «የማላውቃቸውን ሰዎች።»

ልብ በሉልኝ! ጤነኛ ሰው እንዲህ ብሎ ይመልሳል? ነገር ማስረዳት የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ፤ እሱ የእነሱ አለቃ ነበር። ነርሷ ራሷን እየነቀነቀች ቤቷ ገባች። ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ወደ ወጥ ቤቱ ሲጎትት ሰማችው፤ ትንሽም አፈረች።

ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ መገናኘት ጀመሩ። እሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የያዘችውን ዕቃ ተቀብሏት ሦስት ፎቅ አብሯት ይወጣል። ወሬ የላትም እንዳይባል እሷ ታወራለች፤ ስለ ሕፃናቱ፣ መርፌ ሲያይ ስለሚዘፍነው ልጅ፣ ጠጉሯ በሕክምና ረግፎ ካለቀ በኋላ አበጥሩኝ ስለምትለው ትንሽ ልጅ። እሱ ይሰማል። እንዲህ አድርጎ የሚሰማ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

አንድ ቀን ደረጃው መሃል ቆም አለና፣

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትተኚው?» አላት።

«ከአራት እስከ ዘጠኝ። ሰኞና ሐሙስ ግን እረፍቴ ነው... ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ።» እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው።

የቀሩትን ደረጃዎች እንዴት እንደወጣቻቸው አታውቅም። ስለ እንቅልፏ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። እናቷ እንኳ ስትደውል የምትጠይቃት መቼ እንደምታገባ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፏ የሰላም ሆነ። ኮምፒውተሮቹ ወጥ ቤት ስለገቡ ነው ብላ አሰበች።

አንድ ወር ተኩል እንዲህ አለፈ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሕንፃው በሙሉ ጠጋኙን ሲያማ እሱ ምንም አልሰማም። አንድ ማክሰኞ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ የነርሷን በር አንኳኳ። ይህ ሰብሳቢ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል የማይታይ፣ ሰው ሲታማ የማይጠፋ ሰው ነው።

«ልጄ፣ ጎረቤትሽ ሌባ ነው» አላት፣ ገና ሳይቀመጥ። «የምድር ቤቷ እትዬ የስልካቸው አካውንት ተሰርቆ፣ በስማቸው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ገንዘብ ሲለመን ሰነበተ። ማን ይሆናል? በበሩ ክፍተት አይቼዋለሁ። ዊንዶውስ እንኳ የለውም! የልጄ ኮምፒውተር ሲከፈት ሥዕል አለው፤ የዚህ ግን ጥቁር ነው። ንጹሕ ሰው ዊንዶውስ የመሰለ ነገር ትቶ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጨዋ ሰው ነው።»

«ጨዋ? አንቺን ምንም ጠይቆሽ አያውቅም?»

መዳፉ ላይ የጻፈው ነገር ትዝ አላት።

«ምን ጠየቀሽ?»

«የምተኛበትን... ሰዓት።»

ሰብሳቢው እጁን አጨበጨበ። «ይኸውልሽ! የሰው መተኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሌባ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ፊቷ እሳት ሆነ። ፍርሃት አልነበረም፤ እፍረት ነው። እኔ ሞኟ! ወደደኝ ብዬ... ለካ ቤቴን ሲያጠና ነው! እስክሪብቶውን ከሰብሳቢው እጅ ነጥቃ ፈረመች። ምን እንደሚል አላነበበችም። ሰብሳቢው ራሱ ባወጣው ደንብ፣ አንድ ተከራይ የሚባረረው የቀሩት አሥር ቤቶች በሙሉ ሲፈርሙ ነው። ዘጠኙ ፈርመዋል። የቀረችው እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እጇን አጣጥፋ በሯ ላይ ቆመች። ሲወጣ ልታየው ነው። ጠጋኙ አንዱን ኮምፒውተር አቅፎ ወረደ፤ ተመልሶ ሌላውን ወሰደ። አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ይኸ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

«ምነው? መሰናበትም ቀረ?»

«የመጨረሻው ኮምፒውተር ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ሥራውን ሲጨርስ እሄዳለሁ።»

«ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ዛሬ አያታለሁ!» ብላ ገፍታው ገባች።

ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ስክሪን ይበራል። ጥቁር። ነጭ ጽሑፍ። ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ማክሰኞ 4፡00፦ ነርሷ ተኝታለች፤ ዝም!»

«ማክሰኞ 9፡00፦ ነርሷ ተነስታለች፤ ወደ ሥራ።»

«ረቡዕ 4፡00፦ ነርሷ ተኝታለች፤ ዝም!»

ወደ ላይ እያደረገች አነበበች። አርባ ቀን ያህል አለ። ሰኞ የለም፤ ሐሙስ የለም።

«ይሄ... እኔ ነኝ?»

«ሌላ ነርስ አላውቅም።»

«ሰዓቴን የጠየቅከኝ ለዚህ ነው?»

«ወጥ ቤት ወስጃቸውም ድምፁ በቧንቧው በኩል ይመጣብሽ ነበር። አንቺ ስትተኚ እነሱም እንዲያርፉ አዘዝኳቸው። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው... ከባድ አይደለም።»

«ሒሳቡስ? የምን ሒሳብ ነው?»

«የመድኃኒት ፍለጋ። ተመራማሪዎች አሉ። ሥራው አንድ ኮምፒውተር ዕድሜውን ሙሉ ቢያሰላ አይጨርሰውም። ስለዚህ ይቆራርሱትና በበጎ ፈቃድ ለሚያግዛቸው ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ይልካሉ። ለእኔ አንድ ቁራጭ፣ ለሌላው አንድ ቁራጭ። ስንጨርስ መልሰን እንልካለን።»

«የምን በሽታ መድኃኒት?»

«የልጆች የደም ካንሰር።»

አበጥሩኝ የምትለው ልጅ ዓይኗ ላይ ድቅን አለችባት።

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው በዊንዶውስ አትሠራውም?» ብላ ጮኸች። «ይሄ ጥቁር ነገር እኮ ነው ያስጠረጠረህ!»

«ትምህርት ቤታችን የጣላቸው ማሽኖች ናቸው፤ ለአዲሱ ዊንዶውስ አቅም የላቸውም ተብለው። ዊንዶውስ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እነሱ አርጅተዋል፤ እሱን ብቻ ተሸክመው ይውላሉ፣ ለሒሳቡ ጉልበት አይተርፋቸውም። ራሱን አድሶ ሲነሳ ደግሞ የይለፍ ቃል ስጠኝ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እሱ ቆሞ ይውላል። ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ግን ቀላል ነው፣ በነፃ ነው። ሥዕል አልፈልግም ስለው እሺ ይለኛል። ገና የሚሠራ ነገር ሲጣል ማየት አልችልም... ሊኑክስ ጫንኩባቸው፣ ተነሱ።»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

«ይህንን ለኮሚቴው ለምን አልነገርካቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ? ወረቀቱን በበሩ ሥር ነው ያስገቡልኝ። ዘጠኙን ፊርማ ሳይ ምንም አልመሰለኝም። ዕቃዬን መሰብሰብ የጀመርኩት አሥረኛውን ሳይ ነው።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

ሰብሳቢው ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥቶ፣ አራቱን ኮምፒውተሮች እንደ ምርኮ እየጠበቀ ተቀምጧል።

«ወረቀቱን ያምጡት!»

«የምን ወረቀት፣ ልጄ?»

«ሳላነብ የፈረምኩበትን!»

«የተፈረመ ተፈርሟል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ...»

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባልም አለ፣ ጋሼ! ሰውየውን አንድ ቀን ጠይቀውታል? አንድ ቀን! እኔ ሌሊት ሌሊት አጠገባቸው ለምቆመው ልጆች መድኃኒት ሲፈልግ፣ እኛ በበሩ ክፍተት እያየን ሌባ አልነው!»

ጩኸቱን ሰምተው የምድር ቤቷ እትዬ ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። አካውንትዎ እንዴት ነው የተወሰደው?»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንድ ልጅ ደውሎ ሽልማት ወጥቶልዎታል አለኝ። ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ አለኝ።»

«ነገሩት?»

«ድምፁ እኮ የተባረከ ነበር!»

ሰብሳቢው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ይህንን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ?» አሉ እትዬ ተቆጥተው። «አካውንቴ ጠፋ ስልዎት ወረቀት ይዘው ሮጡ!»

ነርሷ ወረቀቱን ከኪሱ መዝዛ፣ ስሟ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘችው። እትዬም «አምጪው፣ የኔንም» ብለው ሰረዙ።

በዚህ መሃል ጠጋኙ አምስተኛውን ኮምፒውተር አቅፎ ወረደ፤ ቁልፉንም ለሰብሳቢው ሰጠ።

«ቀርቷል!» አለችው እየሮጠች። «ወረቀቱ ተሰርዟል፤ አትሄድም!»

«አመሰግናለሁ። መኪና ግን ጠርቻለሁ።»

«ተሰርዟል እኮ ነው የምልህ!»

«ፊርማሽን እኮ እኔ አንብቤዋለሁ።»

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ደሟ ፈላ፤ በእሱም፣ በራሷም።

«እንግዲያው ተቆጣኝ! ስደበኝ! በርህን በጫማ ስደበድብ አቤት እህቴ፤ ሌባ ስትባል ዝም፤ ስትባረር ዝም! ዝምታ ወርቅ ነው ያለህ ሰው አታሎሃል! በድዬሃለሁ! ምነው፣ አፍ የለህም?»

ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ጮኸ... ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው!

«ለምን አልጠየቅሽኝም! እነሱ አያውቁኝም! አንቺ ግን የእያንዳንዱን ሕፃን ነገር ነግረሽኛል! ደክሞሽ ስትገቢ ከኮቴሽ አውቅሻለሁ! መሃላችን አንድ ግድግዳ ነው ያለው። አንዴ ብታንኳኪ፣ በጫማም ቢሆን፣ ምን ነበረበት? የምወዳት ሰው ሌባ ነው ብላ ፈረመችብኝ! እንዲህ ይደረጋል?!»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ።

«ምን አልክ?» አለች ነርሷ።

«እንዲህ ይደረጋል ወይ ነው ያልኩት!»

«ከሱ በፊት ያለውን።»

መሬት መሬት አየ።

«የምወዳት ነው ያለው!» አሉ እትዬ።

ነርሷ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ... ያን ያህል የተናደድኩት እኔም ስለምወድህ ነው። ለማልወደው ሰው መቼ እንዲህ እቃጠላለሁ?»

ስልኩን አውጥቶ ደወለና «መኪናው ይቅር» አለ። እሷ ጎንበስ ብላ ኮምፒውተሩን አነሳች።

«ከባድ ነው፤ ተይው።»

«በሽተኛ የማነሳ ሰው ነኝ! ይልቅ ቀድመህ በሩን ክፈት።»

«ቁልፉን እኮ ለሰብሳቢው አስረክቤያለሁ።»

«የአንተን በር ማን አለህ?» አለችው። «የኔን!»

በዓመቱ ተጋቡ። ሰብሳቢው እስከ ዛሬ ድረስ «እኔ ባላጣላቸው መች ይጋቡ ነበር!» እያለ ያወራል። በሰማችው ቁጥር እንደ አዲስ ትናደዳለች። ባሏ እጇን ይዞ «ተይው» ይላታል።

አትተወውም።