ድምፅ የተዋሰው ሰው

ፉሚኖ ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆና የሰማችውን ንግግር ቃል በቃል አታስታውሰውም። ግማሹን ዓመታት ወስደውታል። የቀረላት ይህ ነው፤

«መምህር፣ ፊልሙ ውስጥ በምሞትበት ቦታ ላይ ሰው እንዲስቅብኝ ባያደርጉ?»

«አንተ እኮ ወንበዴ ነህ። ወንበዴ ሲሞት ያልተሳቀ መቼ ሊሳቅ ነው?»

እንግዳው፣ «ባለ ሦስት አውታሯን ሻሚሴን የምትደረድረው ልጅ ግን እኔ ስሞት አውታሩን ታለሰልሳለች። ማን እንደሆነች ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

ደርዳሪዋ ራሷ ፉሚኖ፣ መምህር የተባለውም አባቷ ጌንሱኬ ነበር። ፊልም ገና አፍ ባልፈታበት በዚያ ዘመን ከሸራው አጠገብ ቆሞ ለተዋንያኑ ሁሉ ይናገርላቸዋል። የኪዮቶ ሰው ሲኒማ ቤቱን የሚሞላው ለእሱ አንደበት ሲል ነው። እንግዳው ተዋናይ ታትሱዞ ደግሞ በፊልሞቹ ሁልጊዜ ክፉው ሰው ነው፤ አራጣ አበዳሪ፣ ከዳተኛ፣ ወንበዴ። ጌንሱኬ እንደ ዛገ በር የሚያንቋርር ድምፅ ሰጠው፤ ሕዝቡም አመነ። አንድ ቀን ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሴት፣ «ለነፍሰ ገዳይ አልሸጥም» ብላ መለሰችው። እጅ ነስቶ ሄደ።

ይህን ያየችው ፉሚኖ ወንዙ ዳር ደረሰችበት። «አልተናደድክም?»

«ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ማለት ነው» አላት። «ቶፉው ግን አምሮኝ ነበር።»

የራሱ ድምፅ ዝግ ያለ ነበር፤ አፉ ድረስ የሞላ ጽዋ ይዞ እንደሚራመድ ሰው። ከዚያ ወዲያ ቶፉውን እሷ ትገዛለት ጀመር።

አባቷ ሊጋቡ መሆኑን ሲሰማ፣ «ሰፈሩ የሚተፋበትን ሰው አልድርልሽም» አለ።

«ያስተፋበት የእርስዎ ድምፅ ነው፣ አባባ። የእሱን ልብ ብለው ሰምተውት ያውቃሉ?»

በሠርጉ ዕለት ለአባቷ የተዘጋጀው መከዳ ባዶውን ዋለ።

ኋላ ፊልም መናገር ጀመረ። ተራኪው ጌንሱኬ ሥራ ፈታ። ታትሱዞንም፣ «ይህ የክፉ ሰው ድምፅ አይደለም» ብለው አሰናበቱት። ያላስተዛዘናቸው ኀዘን ሁለቱንም በየቤታቸው አስቀመጣቸው። የቼሪ ዛፎች ባበቡበት ሰሞን ታትሱዞን የሳንባ ሕመም ወሰደው። ፊልሞቹ በመጋዘን እሳት ሲያልቁ አንድ ጥቅል ብቻ፣ እንደ ምሕረት፣ ተረፈ፤ ወንበዴው የሚሞትበት።

ፉሚኖ ሻሚሴኗን አዝላ አባቷ ዘንድ ሄደች።

«የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ለታትሱዞ መታሰቢያ ፊልሙን በአዳራሻቸው እንድናሳይ ፈቅደዋል። ተራኪ የለንም።»

ሽማግሌው እጆቹን አየ። «ድምፄ አርጅቷል።»

«የእርስዎን ድምፅ አልፈለግሁም፣ አባባ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ።

«እንዴት ነበር የሚናገረው?» አለ በመጨረሻ።

ነገረችው። ሞከረ፤ ዛገበት። «ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» አለችው። ደግሞ ሞከረ። ፉሚኖ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች፤ ባሏ ከክፍሉ ውስጥ የተናገረ መስሏት።

«የሚሞትበት ቦታ ላይስ ምን ልበል?»

«ምንም። እዚያ ላይ እኔ እደረድራለሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ከሸራው ጎን አንዲት ቅጽበት ዝም ብሎ የማያውቀው ሰው አንገቱን ደፋ።

«እሺ» አለ። «እዚያ ላይ ዝም እላለሁ።»