በሩን የከፈተችው ንግሥት

እስቲ ንገሩኝ፤ መጽሐፉን ሳያነቡ መፍረድ ከመቼ ወዲህ ነው ጀግንነት የሆነው?

ቁንዶ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ከቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ቁንዶ» ያሏት እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ነው። የንባብ ክበባቸው በየወሩ አንድ ገጸ ባሕርይ ችሎት ያቀርባል። የዛሬዋ ተከሳሽ ለዘንዶ የከተማዋን በር የከፈተች ንግሥት ናት።

«ከተማው የነደደው በማን ነው? በእሷ!» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ክበቡ «ዳኛው» ይለዋል። «ጥፋተኛ የምትሉ፣ እጅ!»

ከቁንዶ በቀር ክፍሉ በሙሉ እጁን ሰቀለ።

«ንጉሡስ?» አለች ቁንዶ።

«እሱማ ዘመቻ ላይ ነው» አለ ዳኛው። « ምን ያድርግ ምስኪኑ!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ሳቂታ» የሚሏት ጓደኛዋ ጭኗን ቆነጠጠቻት። «አንቺ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! ለክርክር ውድድሩ የሚመርጠው እሱ አይደል? እወስድሻለሁ ብሎሽ የለ?»

ብሏታል። ዓመቱን ሙሉ የተመኘችውም ይህንኑ ነበር።

ግን መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሦስት ቦታ ከፍለው፣ ጠቅልለውና በሙጫ አሽገው በዙር እንዲነበብ ሰጥተዋቸዋል። መካከለኛው ክፍል በመጨረሻ ቁንዶ እጅ ሲገባ እሽጉ አልተነካም ነበር። የቀደደችው እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ዘሎ ኖሯል!

ያልተነበበው ክፍል ውስጥ ንጉሡ ወታደሩን ጠራርጎ ይዞ ዘመቻ ይሄዳል። ከተማው በዘንዶው ተከቦ ውሃ ሲያልቅ ንግሥቲቱ መልእክተኛ ትልክበታለች፤ «የሴት ፍርሃት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ያኔ የፊቱን በር ትከፍታለች። ዘንዶው ባዶውን ቤተ መንግሥት ሲያቃጥል፣ እሷ ሕዝቡን በኋላ በር ታስወጣለች።

«እንግዲህ ጥፋተኛ ተብላለች» አለ ዳኛው።

«ቆይ!» ቁንዶ ብድግ አለች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? ውድድሩን አትፈልጊውም እንዴ?»

«እሱን ለፈለግከው ስጠው!»

አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። እንዲህ ረዝማ አታውቅም።

«መካከለኛውን ክፍል ያነበበ አለ? እሽጉን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ እንዳትዋሹኝ!»

ለፍርዱ ከተሰቀሉት አንድ እጅ ወረደ። ሌላም ተከተለ።

«ምን ለውጥ አለው?» አለ ዳኛው፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ እያሸሸ።

«ወደዚህ እየኝ! ንጉሥህ ወታደሩን ይዞ ሄዷል፤ ሕፃናቱ በውሃ ጥም እያለቁ ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መልስልኝ!»