ሌባው ትቶት የሄደው ላፕቶፕ

ካርቶኑ ሲከፈት ባዶ አልነበረም። ዋሲሁንን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

ዋሲሁን ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ የላፕቶፕ መሸጫ አለው። ያን ዕለት ጠዋት አንድ ደንበኛ ገብቶ፣ በሱቁ ካሉት ሁሉ ጠንካራውን እንዲያሳየው ጠየቀ። ዋሲሁን ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ትልቁን ካርቶን አወረደና ማሸጊያውን በምላጭ ቀደደ። ውስጡ መገኘት የነበረበት ወፍራም፣ ጥቁር ላፕቶፕ ነው። የወጣው ግን ስስ፣ ብርማ፣ ጥጉ ላይ የተጫረ ያገለገለ ዕቃ ነበር።

ምክትል ኢንስፔክተር ዘይነብ ስትደርስ ደንበኛው ሄዷል። ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮት አልተነካም። ዋሲሁን ጥቁሩን ላፕቶፕ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጁ ከፍቶ እንዳየው ነገራት። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ የገቡት እሱ፣ ቴክኒሻኑ ያቤጽና ሻጩ ያሬድ ብቻ ናቸው።

ዋሲሁን ጥርጣሬውን አልደበቀም። ብርማው ላፕቶፕ ሱቁ ከሚሸጣቸው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን ተጠርጎ ጸድቷል፤ የማን እንደነበር የሚናገር አንድም ነገር አልቀረበትም። ካርቶኑም እንደ አዲስ ታሽጓል። ይህ የባለሙያ እጅ ነው አለ። ደግሞ ያቤጽ ያን ጥቁር ላፕቶፕ ለጌም እንደሚመኘው ሲያወራ ስንት ጊዜ ተሰምቷል።

ዘይነብ ያቤጽን ለብቻው አስቀመጠችው።

«ትመኘው ነበር አሉ።»

«የማይመኘው አለ እንዴ?»

«ወሰድከው?»

ያቤጽ ትንሽ አሰበ። «እኔ ብሆን ሙሉውን አልወስድም። ከፍቼ ራሙን፣ ሜሞሪውን እነቅልና አነስ ያለ እተካበታለሁ። ከውጭ ያው ነው። የገዛው ሰውዬ ዓመት ቢጠቀምበትም ላያውቅ ይችላል።»

ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚናገር ሰው እንዲህ ያለ መልስ አይመርጥም። ዘይነብን ያሳመናትም ይህ ነው። ብርማውን አነሳችና መጥፎ ዕቃ እንደሆነ ጠየቀችው።

«መጥፎ አይደለም» አለ ያቤጽ። «ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፊልም ይበቃል፤ ይተርፋልም። ሰው ግን በዓይኑ ነው የሚገዛው። ቀላል ነው፣ ያምራል ይላል። ምን ልሠራበት ነው ብሎ የሚነሳ ጥቂት ነው። ሕንፃ የሚስል ሰው ይሄን ቢገዛ ሲኖ ትራክ በባጃጅ እንደመጎተት ነው። እሱ ሰፊ ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። የጠፋው ያ ነው።»

ዘይነብ ብርማውን መልሳ አስቀመጠችው። በሥራዋ ብዙ ሌባ አይታለች። ሌባ ይወስዳል፤ ትቶ አይሄድም። ይህኛው ግን በወሰደው ቦታ ሌላ ዕቃ አስቀምጧል። መስረቅ ሳይሆን መለወጥ የፈለገ ይመስላል። እንግዲያው ብርማው ባለቤት ነበረው፤ ዕቃው ያልሆነለት ባለቤት።

ገዝቶ ሊመልስ የመጣ ሰው ነበር ወይ ብላ ሦስቱንም ጠየቀች። ዋሲሁን በጣቱ ግድግዳውን አሳያት፤ የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ በትልቁ ተጽፏል። ጠያቂው ብዙ ስለሆነ አንዱንም አላስታውስ አለ። ያሬድ ማንም አልመጣም አለ። ያቤጽ ግን አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉት። ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የመጡት መምህር ክብሩ ናቸው፤ ልጃቸው አርክቴክቸር ትማራለች። ሳይጨቃጨቁ ነው የወጡት።

«ያሬድ እኮ ታክሲ ድረስ ሸኝቷቸዋል» ሲል ጨመረ።

ያሬድ የማሳያውን መስታወት እየወለወለ ነበር። እጁ ቆመ፤ ከዚያ የጸዳውን ቦታ ደግሞ ወለወለው።

ዘይነብ ጥያቄውን ለኋላ አቆየችው። በመጀመሪያ ዕቃውን ማግኘት ፈለገች።

ቱላ ውስጥ መምህር ክብሩን ማግኘት አላስቸገረም፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። ከእንሰቱ ጀርባ ያለው ቤታቸው በሩ ክፍት ነበር። ልጃቸው ታቢታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሠራለች። ከፊቷ ጥቁሩ ላፕቶፕ አለ። ስክሪኑ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ቀስ እያለ ይዞራል።

መምህሩ አልደነገጡም። የሚያስደነግጥ ነገር እንዳለም አላወቁም። ሱቁ ስህተቱን አምኖ እንደቀየረላቸው አጫወቷት። ሻጩ ልጅ ራሱ ተሸክሞት መጥቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ብርማውን ወስዷል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ዛሬም አለ ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ነው የሰነበቱት።

ዘይነብ እውነቱን ነገረቻቸው። ጠንከር ያለ ቃል ላለመጠቀም ሞከረች፤ ግን ስርቆት ሌላ ስም የለውም።

ሽማግሌው ብዙ ሳይቆዩ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዝጊው፣ ታቢታ።»

«አባዬ፣ የመመረቂያ ሥራዬ እዚህ ውስጥ ነው። ያኛው አይከፍተውም።»

«አውቃለሁ። ዝጊው።»

ዘይነብ ሥራዋን ወደ ፍላሽ እንድትገለብጥ ፈቀደችላት። ስትጠብቅ ወደ ውጭ ማየት መረጠች።

ጣቢያው ውስጥ ጥቁሩን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ያሬድን አስጠራችው። ገባ። አየው። ጥያቄዋን አልጠበቀም።

«ጨረሰችው?» አለ።

«አልጨረሰችም።»

ያሬድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሳትጎተጉተው ተናገረ።

ብርማዎቹ ላፕቶፖች በብዛት መጥተው አልሸጥ ብለው ነበር። ዋሲሁን ከእነሱ ለሚሸጠው ሁሉ ጉርሻ ሊሰጠው ቃል ገባ። መምህር ክብሩ በዚያ ሰሞን መጡ። ስለ ዕቃው እንደማያውቁ አልደበቁም። ልጃቸው የምትማረውን ነገሩትና ለእህትህ እንደምትመርጥ ምረጥልኝ አሉት። ያሬድ ጥቁሩን ማሳየት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ብርማውን አነሳላቸው።

ታቢታ ሥዕሏን ስትከፍት ላፕቶፑ ቀጥ ይላል። የሠራችው ሁለት ጊዜ ጠፋባት። ትምህርት ክፍሏ ካልደረሰልሽ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል አላት። አባትየው ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ ዋሲሁን ከደጅ መለሳቸው። ያሬድ የዋጋ ልዩነቱን ከደመወዙ ላይ ቆርጦ እንዲቀይርላቸው ለመነው። ዋሲሁን አንድ ከቀየርን ሀዋሳ በሙሉ ተሸክሞ ይመጣል ብሎ ዘጋው። ያኔ ነው ያሬድ ጥቁሩን ቱላ ያደረሰው፤ ብርማውንም አጽድቶ በካርቶኑ መልሶ አሸገው።

«ቢሰድቡኝ እኮ ጥሩ ነበር» አለ ያሬድ። «ታክሲ ላይ ሳሳፍራቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ልጄ፣ ሳስረዳህ ምን አጎደልኩ? አሉኝ። ጥፋቱን ከራሳቸው ነው የሚፈልጉት። እንቅልፍ አጣሁ።»

«ያቤጽ ሲጠረጠር ደግሞ ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እሱም አለብኝ።»

ዘይነብ ዋሲሁንን አስጠርታ ሁሉንም አስረዳችው። ዋሲሁን በጉርሻው ነገር አልተከራከረም። ሱቁን የከፈተው መንገድ ዳር ሞባይል እየጠገነ ባጠራቀመው ነው፤ ዕቃ ተደርድሮ ሲቀር ምን እንደሚመስል አንቺ አታውቂውም አላት። ክሱን ግን አላነሳም። ዕቃዬ ከመጋዘኔ ወጥቷል አለ። ዘይነብም ልክ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ተታልሎ የገዛ ሰው ቢመጣ ግድግዳው ላይ የጻፈውን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀችው። ዋሲሁን ተነስቶ ሄደ። ሱቁ ሲመለስ ግን ያቤጽን ይቅርታ ጠየቀው።

ብርማው በማስረጃነት ከተመዘገበ በኋላ ወደ ቱላ ተመለሰ። ታቢታም ሥራዋን ለመጨረስ በኮሌጇ ኮምፒውተር ክፍል ወረፋ መጠበቅ ጀመረች።

ያሬድ ሀዋሳ ውስጥ ዘመድ የለውም። ፍርድ ቤት በዋስ እንዲወጣ ቢፈቅድም የሚዋሰው ሰው ጠፋ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መምህር ክብሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ጣቢያ መጡ።

ዘይነብ ወንበር ሰጠቻቸው። «ያታለለዎትን ሰው ነው የሚዋሱት?»

«ሁለት ጊዜ መረጠልኝ» አሉ ሽማግሌው። «በሁለተኛው ዕቃውን አልሳተም። መንገዱን ነው የሳተው። እሱን ዳኛው ይንገረው።»

ፈረሙ። ያሬድ ተጠርቶ ሲወጣ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እሳቸውም ስለ ላፕቶፑ አንድ ቃል አላነሱም። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለትና ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት።

አልበላም ነበር።