ታጠቅ የጠፋ ሰሞን

«ውሻ እኮ ነው!» የሚል ሰው ያን ሰሞን አምሳለ መኩሪያ ዘንድ ድርሽ ባይል ይሻለው ነበር።

መጀመሪያ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ወርቅዬ ናቸው፤ እናት ናቸውና ታለፉ። ቀጥሎ ያለው የመካኒሳ ታክሲ ተራ አስከባሪው ነው፤ እሱ አልታለፈም። «ውሻ እኮ ነው? አንተስ ብትጠፋ ማን ፈላጊ አለህና ነው!» ብላ በተሳፋሪ ፊት ኩም አደረገችው።

ታጠቅ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ከአምሳለ በቀር ማንንም የማይወድ ውሻ ነው። እሷ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ መጋረጃ ስትሰፋ ውላ አመሻሽ ላይ መካኒሳ ስትወርድ፣ ታክሲ ተራው ጥግ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን፣ ይጠብቃታል። ሰው ቀጥሮ ይቀራል፤ ታጠቅ አይቀርም። ያን ዓርብ ግን ቀረ።

ከሲራክ ጋር ያገናኛትም እሱው ነው። ሲራክ ረጅም፣ ዝምታ የሚያበዛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ተራ ላይ ታክሲ ሊሳፈር ሲል ታጠቅ ሱሪውን ይዞ ተረተረው።

«ውይ በሞትኩት! ይቅርታ፣ እሰፋልሃለሁ፤ ሙያዬ ነው» አለችው አምሳለ ደንግጣ።

እሱ የተቀደደውን በእጁ ሰብስቦ ይዞ ዓይን ዓይኗን አያት። «ዛሬ ባትጨርሺውም ግድ የለም» አለ። «ነገም እመጣለሁ።»

ነገም መጣ። ከነገ ወዲያም መጣ። ሱሪው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደው፣ ተኳርፈው፣ ታርቀው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ሊልክባት ቀን ተቆረጠ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ውሻው የጠፋው ዓርብ ነው። እንግዲህ ፍረዱ!

ቅዳሜ ማለዳ አምሳለ የታጠቅን ፎቶ አሳተመች፤ ከሥሩ «የጠፋ ውሻ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ጨመረች። በየምሰሶው፣ በየሥጋ ቤቱ በር፣ በየግንባታው አጥር ላይ ለጠፈች። ጥበቃዎችን ጠየቀች፣ ሊስትሮዎችን ጠየቀች፣ ጉድጓድ አየች፤ ስሙን እየጠራች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ስትለቀው አንዱ የሳቅ ምልክት ላከላት። የማን ልጅ እንደሆነ አጣርታ በልቧ ያዘችለት።

ሲራክም ሥራውን ትቶ መጣ። «አንቺ በመካኒሳ በኩል ፈልጊ፣ እኔ ላፍቶን ላዳርስ» ብሏት ሄደ። ዐሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ጫማው አቧራ በአቧራ ነው፤ ዓይኑ ማዶ ማዶ ያያል።

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«እየኝ እስቲ።»

አያት፤ ወዲያው አቀረቀረ። አምሳለ ያን ጊዜ ረቡዕ ዕለት ያላት ነገር ትዝ አላት። «እሑድ ይሄን ውሻ የሆነ ቦታ አድርጉት እንጂ፤ ጋሽ ግዛውን ከነከሰ ጉድ ይፈላል» ብሏት ነበር። ጋሽ ግዛው አጎቱ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ስቃ አልፋዋለች። አሁን ግን አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ሲራክ፣ አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም!»

«ታዲያ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አላውቅም በልና በገብርኤል ማልልኝ።»

ሲራክ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። በሐሰት የሚምል ሰው አይደለም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ለዚህ እኮ ነው የወደደችው። አሁን ያ ጠባዩ ራሱ አጋለጠው።

«አምሳልዬ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ታገሺኝ…»

«አምሳልዬ አትበለኝ! አንተ ቀጣፊ! አፈር ብላ! ውሻዬን አስወግደህ ነው በሽማግሌ የምታስለምነኝ? ከዓይኔ ጥፋ!»

ሲራክ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ስልኩን ብሎክ አድርጋ፣ እያለቀሰች፣ ድንጋይ እየረገጠች ቤቷ ገባች።

አባቷ አቶ መኩሪያ ሳሎን ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ልጃቸው የሆነውን ስትነግራቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

«እንግዲህ ወጣት ነው፣ ይሳሳታል» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅር በይው፣ ልጄ። ሰው የሚከበረው በይቅርታ ነው። ሽማግሌውን ደግሞ አሁን መመለስ ነውር ነው።»

«ይምጡ!» አለች አምሳለ። «ይምጡና እምቢታዬን በጆሯቸው ይስሙ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጋሽ ግዛው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ኦቦ ኦልጅራ የሚባሉ የሰፈሩ ታላቅ ሰውና አንድ ቄስ አስከትለው ገቡ። በደንቡ መሠረት ልጁ ቤቱ ይጠብቃል፣ ልጅቱ ጓዳ ትቀመጣለች፤ ስለ ሁለቱ ሕይወት ሌሎች ይነጋገራሉ። አምሳለ እናቷ በግድ ያስለበሷትን የአበሻ ቀሚስ ለብሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የምትናገረውን እምቢታ በከንፈሯ ታጠናለች። ስልኳ ጠራ።

«ሃሎ፣ የውሻው ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ነው?» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ። «ፈየራ እባላለሁ፤ ላፍቶ ጣውላ እሸጣለሁ። እህቴ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የደወልኩት። እኔ ይሄን ውሻ የመኩሪያ ነው ብዬ ነበር።»

«የየትኛው መኩሪያ?»

«ወዳጄ ነው፣ የመካኒሳው። ዓርብ በባጃጅ ጭኖ አምጥቶ ‹ቤቴ ሽማግሌ ይገባል፣ እስከ ሰኞ እሰርልኝ› አለኝ። ውሻው ዕለቱን ገመዱን በጥሶ ሄደብኝ። ትናንት አንድ ረጅም ልጅ ሲፈልገው መጣና ሁሉንም አጫወትኩት። እዚሁ ቆሞ ለመኩሪያ ደወለለት። ‹እሺ ጋሼ፣ ለእሷ አልነግራትም› ሲለው ሰምቻለሁ።»

አምሳለ ስልኩን እንዴት እንደዘጋች አታውቅም። የገዛ አባቷ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ራሳቸው አጥፍተው፣ ያላጠፋውን ልጅ ይቅር በይው ብለው መከሯት! ያኛው ጨዋ፣ ሲራክ፣ ደግሞ ስድቧን ሁሉ ጠጥቶ ሆድ ይፍጀው አለ። የቱ ይበልጥ እንዳንገበገባት መለየት አቃታት።

የጓዳውን በር በርግዳ ወጣች።

ጋሽ ግዛው ተነሥተው ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን…» እያሉ ነበር። ሲያዩዋት ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ወይዘሮ ወርቅዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጋረዱ።

«ግቢ!» አሉ አቶ መኩሪያ።

«አልገባም። አባዬ፣ ታጠቅን የት ወሰድከው?»

አቶ መኩሪያ ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ፤ ወደ ሚስታቸው አዩ፤ የሚያስጥላቸው ሲያጡ ወደ መሬት አዩ።

«ለቤቱ ክብር ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለጥምቀት ጠበል ሊረጩ የመጡትን የነፍስ አባታችንን ቀሚስ የቀደደ ውሻ ነው። ሽማግሌ ቢያዋርድብኝስ? ሰኞ ልመልሰው ነበር፤ ገመዱን በጥሶ ከወዳጄ ቤት ጠፋ እንጂ።»

«ይሄንን እንኳ ልርሳው! ትናንት እዚህ ቆሜ ሲራክን ስረግመው ምን አልከኝ? ‹ይቅር በይው› አልከኝ! አንተ የበደልከኝን፣ እሱን ይቅር እንድለው መከርከኝ! ኧረ እንዴት አስቻለህ፣ አባዬ?»

ጋሽ ግዛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ለጋብቻ የመጣው ሽማግሌ እዚያው በዚያው ለዕርቅ ተቀመጠ ማለት ነው።

«አቶ መኩሪያ፣ ልንለምንዎ ነበር የመጣነው፤ አሁን ግን ልንጠይቅዎ ነው። አጥፍተዋል፣ አላጠፉም?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ለእኛ አይደለም፤ ለእሷ ይንገሯት።»

አቶ መኩሪያ ተነሡ። በዕድሜያቸው ልጅ ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም፤ አፋቸውም አልለመደው። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። አምሳለ አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም እኮ።

«የወሰደ ይመልሳል፤ አብረን ሄደን እንፈልጋለን» ብለው ፈረዱ ኦቦ ኦልጅራ። ጋሽ ግዛው ለሲራክ ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርገው።

«ጋሼ፣ ላፍቶ ነኝ» አለ ሲራክ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «ውሻውን አግኝቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ልነግራቸው እሞክራለሁ፤ እሷ ዘግታኛለች፣ የጋሽ መኩሪያም ስልክ አይሠራም። እርስዎን ሽምግልና ላይ መረበሽ ነውር መሰለኝ። ስጠጋው ይናከሳል፤ ዞር ካልኩ ደግሞ ይጠፋብኛል።»

ሁሉም በጋሽ ግዛው መኪና ተጨናንቀው ላፍቶ ደረሱ። ካላለቀ ሕንፃ ሥር፣ ከአሸዋ ክምር ጀርባ፣ ታጠቅ የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ያጉረመርማል። ፊት ለፊቱ ሲራክ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ የጃኬቱ እጅጌ ተቦጫጭቋል። በራሱ ሽምግልና ቀን!

«ታጠቅ!» አለች አምሳለ።

ውሻው ተስፈንጥሮ መጥቶ ነጭ ቀሚሷ ላይ ወጣባት፤ በጭቃ ለወሳት። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ሲራክ ትንሽ ፈገግ አለ። ባይል ይሻለው ነበር።

«ምን ያስቅሃል?» ብላ ተነሣች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትሽ ለመኑኝ። አንቺ ፊት እንዳላዋርዳቸው። ቃል ገባሁላቸው።»

«ለእኔስ?»

«ስድቡን እኔ ልቻለው ብዬ ነው።»

«አንተ ትችለዋለህ! እኔስ? ንጹሕ ሰው እንድሰድብ አደረግከኝ እኮ! አፈር ብላ ያልኩት፣ ቀጣፊ ያልኩት ማንን ነው? ያ ሁሉ ነውር ሆኖ እኔው ላይ ቀረ። አባቴ ፊት ጨዋ ለመሆን እኔን ሞኝ አደረግከኝ።»

ሲራክ እንዲህ አስቦት አያውቅም። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አጥፍቻለሁ።»

ተያዩ። በዚያ እይታ ውስጥ ፍቅሩም ነበር፣ ቁጣውም ነበር። አንዳቸውም ዓይናቸውን ከሌላው ላይ አልነቀሉም።

«እንግዲህ፣ ልጄ፣» አሉ ጋሽ ግዛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ምን ብለን እንመለስ?»

«የዛሬው አይቆጠርም» አለች አምሳለ። «በሚመጣው እሑድ ኑ። ታጠቅ በር ላይ ይኖራል። ሲራክም አብሯችሁ ይምጣ፤ ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅ። የምጠይቀው አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ደንብ አያውቁም፤ ግን ማን ይከራከራት?

በሳምንቱ መጡ። ታጠቅ በጩኸት ሰፈሩን ቀወጠው። ጋሽ ግዛው በወይዘሮ ወርቅዬ ተከልለው ገቡ፤ ሲራክ ከኋላቸው ግድግዳ ታክኮ ገባ። ሁሉም ሲቀመጥ አምሳለ መሐል ሳሎን ቆመች።

«ሲራክ፣ ከእኔ የደበቅከው ሌላ ነገር አለ?»

ጋሽ ግዛው «የለም በላት» በሚል ዓይን አፈጠጡበት። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሲራክ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት።

«አለ።»

«በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ።

«ውሻሽን አልወደውም» አለ ሲራክ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እወደዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ገና ከሩቅ ሳየው ልሮጥ ይቃጣኛል። አሁንም በዚያ በር ያለፍኩት አንቺን ብዬ ነው እንጂ ከነሕይወቴ እወጣለሁ ብዬ አይደለም።»

አምሳለ ትኩር ብላ አየችው። የሚጎዳውም ቢሆን፣ በሁሉም ፊት እውነቱን ነገራት።

«አባዬ» አለች ዓይኗን ከሲራክ ሳታነሣ፣ «እሺ በላቸው።»